ከባሕር ጠለል በላይ

ሆሳዕና ላደገ ልጅ ባሕር ማለት የከፍታ መለኪያ ነው። አምስተኛ ክፍል ይሁን ስድስተኛ፣ መምህራችን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ እንደምትገኝ ሰሌዳ ላይ ጻፈልን፤ እኛም ደብተራችን ላይ ገለበጥን። "የትኛው ባሕር?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባሕር እዚያ ታች፣ ዜሮ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ላይ፣ ከእንሰቱና ከጭጋጉ ጋር። በዞናችን ትልቅ ውኃ ካላችሁ ሻሸጎ ያለው ቦዮ ሐይቅ ነው፤ እሱም ረግረግ ይበዛዋል።

ግን ይህቺ ከተማ ከባሕር ጋር የቆየ ጉዳይ አላት። ትልቁ ሆስፒታላችን ስሙ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ነው። እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበረች፤ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ሆነች፤ አርጅታ ደግሞ በሕፃኑ በልብነ ድንግል ስም አገር አስተዳደረች። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። ሐሳቧ ባጭሩ፣ መርከቡ ከእናንተ፣ ሰውና ስንቁ ከእኛ፣ ቀይ ባሕር ላይ አብረን እንቁም የሚል ነበር። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። እኔ ለላክሁት ኢሜይል በሁለት ቀን መልስ ካልመጣ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ እሌኒ ከአምስት ዓመት በላይ ጠብቃለች።

የዛሬው ሆሳዕና ከባሕር ጋር ያለው ጉዳይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ይባላል። ይህን ለሐድያና ለከምባታ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከየግቢው ቢያንስ አንድ ሰው እዚያ አለ፤ አዲስ ፎቅ ሲሠራ "የማን ነው?" ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ግማሹን ጊዜ ያው ነው። ታላቅ ወንድሜ ደርባን ነው ያለው። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ አለው፤ እሑድ እሑድ ሲመቸው የሕንድ ውቅያኖስ ዳር ሄዶ ቁጭ ይላል። አንድ እሑድ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፤ መዳፉ ላይ የተቀመጠ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ ቡናማ መረብ የተሣለበት የሚመስል የሚያምር ቅርፊት። "ለእሷ ልልክላት ነው" ይላል ከሥሩ።

"እሷ" ያለው አክስታችንን ነው። ፎቶውን እንዳየሁ ግን እኔ የመለስኩለት ስለ እሷ አልነበረም። በድምፅ፣ በጥድፊያ፣ "ውስጡ ባዶ ነው? ሕይወት ካለው አስቀምጠው! አሁን አስቀምጠው!" አልሁት። ባዶ ነበር። እሱ እስካሁን ይሥቅብኛል። እኔ ግን ያን ቅርፊት የማውቅበት ምክንያት ነበረኝ፤ ለወራት ሌሊት ሌሊት ስለ እሱ ሳነብ ነው የከረምሁት።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከጀርባዋ ተነሥቶ በግራ ጎኗ ዞሮ እስከ ጡቷ ሥር የሚደርስ፣ ቀበቶ የመሰለ ቁስል ወጣባት። ጎረቤቶቻችን ሐኪም ሳያይ ስሙን አወጡለት፤ አልማዝ ባለጭራ። ደግሞም ትክክል ነበሩ። በልጅነት ጉድፍ ያወጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ አይጠፋም፤ አከርካሪ ዳር ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ተሸሽጎ አርባ ሃምሳ ዓመት ይተኛል፤ ሰውነት ሲደክም አንዱን ነርቭ ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። ቀበቶ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ የአንድ ነርቭ መንገድ ስለሆነ።

ቁስሉ በወሩ ደረቀ። ሕመሙ ቀረ። ቆዳዋ ላይ ከጠባሳ በቀር ምንም የለም፣ ግን ነጠላዋ ሲነካት ትጮሃለች። "ሳማ ለብሼ ነው የምውለው" ትላለች በሐድይኛ። ሌሊት ተቀምጣ ታነጋለች። ያሆዴ ሲደርስ አተካና የምታማስለው እሷ ነበረች፤ ቡላውን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን በእጇ ልክ የምታውቅ ሴት። ዘንድሮ እሳት አጠገብ መቀመጥ አቃታት፤ ሙቀቱ ጎኗን ሲነካው ይነድዳል። ሌላ ሰው አማሰለው፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ "ቀስ በሉ፣ ከሥር ይይዛል" ትላቸው ነበር።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲሰጣት "እናቴ፣ ይኼ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው፤ የሚያመው ቁስሉ አይደለም፣ ነርቩ ራሱ ነው፤ ይታገሡ" አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ስንወጣ "ምን አለ?" አለችኝ። እኔም ልመልስላት አልቻልሁም። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የተማርሁት ኢንጂነሪንግ ነው። የባዮሎጂ እውቀቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን አንድ ልማድ አለኝ፤ ያልገባኝ ስሕተት ሲመጣ ሎጉን ከላይ ጀምሮ ማንበብ። እንደዚያው አደረግሁ። ቀን ስብሰባና ኮድ፣ ሌሊት ነርቭ። ፋርማሲ የሚማር የአጎቴ ልጅ ደግሞ ያልገባኝን በቴሌግራም ይፈታልኝ ነበር።

ሕመም የሚሄደው እንዲህ ነው። ጎን ላይ ያለው የነርቭ ጫፍ ሲነካ ምልክቱ እንደ ኤሌክትሪክ እየሮጠ አከርካሪ ውስጥ ይደርሳል። እዚያ ግን ሽቦው ይቋረጣል። በአንደኛውና በሁለተኛው ነርቭ መካከል ቀጭን ክፍተት አለ። ምልክቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንንሽ በሮች ይከፈቱና ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየም ሲገባ ነርቩ ኬሚካል ይተፋል፤ ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ሁለተኛው ነርቭ ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋል። ሪሴፕተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ተቀባዩ ትክክለኛ ቅርጽ ያለው ሞለኪውል ካገኘ ብቻ ይከፈታል፤ ፕሮግራመር ለሆናችሁ፣ የተወሰነ ዓይነት ግብዓት ብቻ የሚቀበል ፈንክሽን በሉት። ከዚያ ምልክቱ ወደ አእምሮ ይወጣል። የአክስቴ ችግር መጀመሪያው ነርቭ ቆስሎ ማንም ሳይጠራው መጮኹ ነው።

እናስ ያንን የካልሲየም በር መዝጋት አይቻልም? ይህን ጥያቄ ስከተል ነው ቀንድ አውጣው ላይ የደረስሁት።

ሾጣጣ ቀንድ አውጣ እንበለው፤ ሳይንሱ ኮነስ ይለዋል። ከ700 በላይ ዝርያ አለው፤ ቀይ ባሕር ውስጥም፣ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥም ይኖራል። ቀርፋፋ ነው፣ እንደማንኛውም ቀንድ አውጣ። አንዳንዶቹ ግን የሚበሉት ዓሣ ነው። ቀርፋፋ ፍጡር ዓሣ እንዴት ይይዛል? ጥርሱ ወደ ባዶ መርፌ ተለውጧል፤ ዓሣው ሲቀርብ ይወረውርበታል፤ በመርፌው ውስጥ መርዝ ይልካል፤ ዓሣው በሰከንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይደርቃል። ቀርፋፋ አዳኝ ሁለተኛ ዕድል ስለሌለው መርዙ ወዲያው መሥራት አለበት። ኮነስ ጂኦግራፈስ የሚባለው ዝርያ ሰው ገድሏል፤ ማርከሻም የለውም። ወንድሜ ላይ የጮኽሁት ለዚህ ነው።

መርዙ ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። ከመቶ በላይ የተለያዩ አጫጭር ፕሮቲኖች ቅልቅል ነው፣ እያንዳንዱም የተለየ ተቀባይ ወይም የተለየ በር ላይ ያነጣጠረ። ከዝርያ ዝርያ ቅልቅሉ ይለያል። በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም እስኪሰበር ድረስ የግብዓት ዓይነት ሁሉ እየቀያየሩ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ቀንድ አውጣው ይህንን ለሚሊዮን ዓመታት የዓሣ ነርቭ ላይ ሲያደርግ ቆይቷል፤ የሠራለትን ይዞ ያልሠራለትን ጥሎ። የዓሣ ነርቭና የእኛ ነርቭ ደግሞ ብዙውን ክፍል የሚጋሩት ነው።

ይህን ያወቅነው በአንድ ፊሊፒናዊ ምክንያት ነው። ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ይባላል። አሜሪካ ተምሮ፣ ስታንፎርድ ላይ የዲኤንኤ ሥራ ሠርቶ፣ ዲኤንኤን የሚበይደውን ኢንዛይም ካገኙት ሰዎች አንዱ ሆኖ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ማኒላ ሲደርስ ላቦራቶሪው ውስጥ የለመደው መሣሪያ የለም። እዚህ ጋ ንባቤን ቆም አድርጌ ሣቅሁ፤ የዚህን ታሪክ መጀመሪያ ስንቶቻችን እናውቀዋለን! ተምሮ መጥቶ፣ ዕቃ የለም፣ በጀት የለም፣ ሪኤጀንት ጉምሩክ ላይ ነው። ኦሊቬራ ግን በልጅነቱ ቅርፊት ይሰበስብ ነበር። ሰው የሚገድለው ቀንድ አውጣ በአገሩ ባሕር ውስጥ በሽ ነው፤ ለማጥናትም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሉርደስ ክሩዝ ጋር ሆነው እሱን ጀመሩ።

የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ግን የበለጠ እወደዋለሁ። ኦሊቬራ በኋላ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ክሬግ ክላርክ የሚባል፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ልጅ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ መርዙን አይጥ ሆድ ውስጥ ከመውጋት ለምን በቀጥታ አንጎሏ ውስጥ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አንሞክርም? ሞከሩት። አንዱ ክፍል ያስተኛታል። አንዱ ያንቀጠቅጣታል። አንዱ ራሷን ያሳክካታል። ከማንቀላፋቱ ጀርባ ያለው በኋላ ኮናንቶኪን ተባለ፤ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን የአንጎል ተቀባይ ይዘጋል። ገራሚው ነገር፣ ግልገል አይጥ ሲወጋ ይተኛል፤ ያው ነገር ትልቅ አይጥ ላይ ሲሆን ግን ያቅበጠብጠዋል። ማንቀጥቀጡን ያመጣው ደግሞ ከኮነስ ማገስ የተገኘ ነው፤ ያገኘው ማይክል ማኪንቶሽ ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ ላቦራቶሪው የገባ ወጣት ነበር። 25 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን። ሥራዋም ያ የፈለግሁት ነው፤ አከርካሪ ውስጥ ያለውን የካልሲየም በር መዝጋት። በላቦራቶሪ ተመስላ ተሠርታ፣ ዚኮኖታይድ ተብላ፣ በታኅሣሥ 2004 በአሜሪካ የመድኃኒት ፈቃድ አገኘች።

ይህን ያነበብሁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በአጎራባቹ ክፍል አክስቴ ስትቃትት ይሰማኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እንደ ሞርፊን ሱስ አያሲዝም፣ ሰውነት እየለመደው መጠኑ አይጨምርም። ላፕቶፑን ይዤ ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የቀረውን ገጽ አነበብሁ። በአፍ አይወሰድም፣ ጨጓራ ይፈጨዋል። በደም ሥር አይሰጥም፣ የደም ግፊት ያወርዳል፤ ወደ አንጎልና አከርካሪም በዚያ በኩል አይገባም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና አከርካሪ ውስጥ ማስገባትና ፓምፕ ማያያዝ። ፓምፑ በቀን ቢበዛ 19.2 ማይክሮግራም ያንጠባጥባል። ሥሩ ላይ ደግሞ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማደናገር፣ የሌለ ነገር ማየት፣ አእምሮን ማወክ። በሩን መዝጋት ይቻላል፣ ግን ያ በር ሌላም ቦታ አለ፤ ሕመም ብቻ አይደለም የሚያልፍበት።

በማግሥቱ ለአጎቴ ልጅ ነገርሁት። "አዎ፣ መጽሐፋችን ላይ አንድ አንቀጽ አለች" አለኝ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን አልረሳውም። "አንተ ቀንድ አውጣ ትፈልጋለህ፤ ሰው ሞርፊን አላገኘም።" እውነቱን ነው። በ2017 ላንሴት ያወጣው የኮሚሽን ጥናት አለ፤ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ 298.5 ሜትሪክ ቶን የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሞርፊን ርካሽ ነው፤ ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ፓምፕ አይፈልግም። የጎደለው ሳይንስ አይደለም። ስለ ካንሰር ታማሚዎች ሳስብ፣ የኔ አክስት ዕድለኛ ከሆኑት ወገን መሆኗ ገባኝ፤ ይህን ግን ፊቷ ላይ የምናገረው ነገር አይደለም።

መካከል ላይ ጎረቤቶቻችን አልተኙም። አንዷ ቅጠል አመጣች። ሌላዋ ዱቄት። "ተፈጥሮ ነው፣ ኬሚካል የለውም፣ ቢያንስ አይጎዳትም።" ይህን አባባል የሰማ ሁሉ፣ እባካችሁ አንድ ደቂቃ ስጡኝ።

ጃፓኖች ለወስፋት የሚጠጡት የባሕር አረም ነበራቸው። እኛ ለኮሶ ትል የኮሶን አበባ እንደምንጠጣው ማለት ነው፤ እናቶቻችን በየሁለት ወሩ እያስገደዱ የሚያጠጡት፣ ሲያስታውሱት ፊት የሚያጨማድደው። የጃፓኑ ካይኒንሶ ይባላል። በ1953 ከውስጡ የሚሠራውን ነገር ለይተው አወጡትና ካይኒክ አሲድ አሉት። ትሉን የሚያባርረው የትሉን ነርቭ በኃይል ስለሚቀሰቅስ ነው። የሚገርመው በኋላ የመጣው ነው፤ ያው ንጥር የአንጎላችንን ነርቮችም ይቀሰቅሳል፤ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር ያመጣል። ሳይንቲስቶች የሚያርፍበትን ተቀባይ ሲያገኙ ስሙን በእሱ ሰየሙት፤ ካይኔት ተቀባይ። ይህን የምታነቡበት አንጎል ውስጥ በጃፓን የኮሶ መድኃኒት ስም የሚጠራ በር አለ።

የቅርብ ዘመዱ ዶሞይክ አሲድ ነው፤ እሱም መጀመሪያ የተገኘው ከጃፓን የባሕር አረም ነው። በ1987 ካናዳ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎች ቀፎ ያለው የባሕር እንስሳ፣ መስል የሚባለውን፣ በልተው ታመሙ። መስሎቹ ዶሞይክ አሲድ የሚያመርት አልጌ ሲበሉ ከርመው ነበር። ሰዎች ሞቱ፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሣናቸው፤ የትላንቱን ያውቃሉ፣ የዛሬው አይያዝላቸውም። ከፋብሪካ የወጣ ነገር አልነበረም። ንጹሕ ባሕር፣ ንጹሕ ተፈጥሮ።

እና "ተፈጥሮ ነው" ማለት ምንም አይነግረኝም። ኮሶም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ ሰው እንደሚጎዳ አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ስንት ተሰፍሮ፣ ለማን፣ መቼ እንደሚጠጣ ሕግ ነበራቸው። እኛ የወረስነው አበባውን ነው፤ መስፈሪያው መንገድ ላይ ቀረ። ጎረቤታችንን ዱቄቱን ከምን እንደሠራችው ስጠይቃት "ይኼን ደግሞ ለምን ፈለግኸው፣ ልጅ ነህ እኮ" አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።

ከጎረቤት ምክር ሁሉ ያስቆመኝ ግን አንድ ነበር። ከአክስቴ ጋር አብረው ያደጉ አንዲት እናት "በርበሬ በቅቤ ለውሰሽ ቀቢበት" አሏት። የሐላባ በርበሬ፣ አስለቃሹ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ነጠላ ያቃጠላትን ሴት በርበሬ ቀቧት ሲሉ! ከዚያ ግን ሳቄን ዋጥሁት፤ ምክንያቱም ሳነብ አግኝቼዋለሁ።

በርበሬ የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን በሚባለው ነገር ነው። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ የሚያርፍበትን ተቀባይ አገኙ። ያ ተቀባይ የተሠራው ለሙቀት ነው፤ ወደ 43 ዲግሪ ሲጠጋ ይከፈትና "ተቃጠልህ" ይላል። በርበሬ ያንኑ በር በሐሰት ያንኳኳል። ሚጥሚጣ በልተን ስናልብ አፋችን ውስጥ እሳት የለም፤ በር ብቻ ነው የተከፈተው። ጁሊየስ በ2021 ለዚህ ሥራ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቀጣዩ ነው፤ በሩ ደጋግሞ፣ ረዝሞ ከተንኳኳ ነርቩ ይደክማል፣ ጫፉም ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ከ2009 ጀምሮ 8 ከመቶ ካፕሳይሲን ያለው ልጥፍ ፈቃድ አግኝቷል፤ ልክ ለዚህ፣ አልማዝ ባለጭራ ለሚተወው ሕመም። ሐኪም ለአንድ ሰዓት ይለጥፈዋል፤ እፎይታው እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። አነስ ያለ መጠን ያለው ቅባትም አለ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሳምንታት የሚቀባ።

ሴትየዋ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ማለት ነው። የጎደለው ያው መስፈሪያው ነው፤ አንዱ በርበሬ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚያቃጥል ማንም አይለካም፤ በዚያ ላይ ዓይን አለ፣ የተቧጠጠ ቆዳ አለ። "እማማ፣ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ከኩሽና አይሁን" አልኋቸው። በጣም ነው የኮሩት። "ነገርኋችሁ" እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት።

በርበሬ ደግሞ እኮ የእኛ አይደለም። ትውልዱ አሜሪካ ነው። ከ1492 በፊት አያቶቻችን ወጣቸውን በምን ያቃጥሉት እንደነበር አስቡት። ብዙዎች በፖርቱጋሎች በኩል ነው የመጣው ይላሉ። በማንም ይምጣ፣ በባሕር ነው የመጣው። የእሌኒ ደብዳቤ ስንት መርከብ እንዳስገኘላት ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩ፤ ወጡ ግን ደርሶናል።

አክስቴ አሁን የምትውጠው ጋባፔንቲን ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት አፏን እያደረቀ አስቸግሯት ተቀየረ። ይህ ክኒን የተሠራው ሌላ ነገር ያደርጋል ተብሎ ነበር፤ ስሙም የወጣው ከዚያ ነው። በኋላ ሲጣራ የሚይዘው የካልሲየሙን በር ሆኖ ተገኘ። ዚኮኖታይድ በሩን ይዘጋዋል፤ ጋባፔንቲን የበሩን አጋዥ ክፍል ይይዝና ወደ ነርቩ ጫፍ የሚደርሱትን በሮች ያሳንሳል። ያን ሌሊት ከፊሊፒንስ ባሕር ሳስመጣላት የነበረው ነገር ዘመድ፣ በክኒን መልክ፣ ከቤታችን ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ባለፈው ወር ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ለአዲስ አበባ ጓደኛዬ ደውዬ በአውቶቡስ አስልኬያለሁ። ዋጋውም ይጨምራል። ግን አለ።

ቅባቱን ያመጣው ወንድሜ ነው። ደርባን ገዝቶ ከሚመጣ ሰው ጋር ላከው፤ ቅርፊቱንም በካልሲ ጠቅልሎ አብሮ። ሐኪሙን አሳይተን "ይሞከር" ካለ በኋላ ጓንት አድርጌ ቀባኋት። የመጀመሪያው ሳምንት መጥፎ ነበር። "አንተ ልጅ፣ በእሳት ላይ እሳት?" እያለች ሰደበችኝ፤ እኔም በሩን፣ ተቀባዩን፣ ነርቩ እንደሚደክም በሐድይኛ ላስረዳት እየሞከርሁ ቃላት አለቁብኝ። በመጨረሻ "የሚጮኸው ውሻ እስኪደክመው ነው" አልኋት። "ስንት ቀን ይጮኻል?" አለች። አራት ሳምንት ሊሆን ይችላል አልኋት። ቀኑን በጣቷ ቆጠረች።

አሁን አምስተኛው ሳምንት ላይ ነን። ከክኒኑ ይሁን ከቅባቱ ወይም ከጊዜው መለየት አይቻልም፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ፕሮግራመር የትኛው እንደሠራለት አይናገርም። ሌሊት አራት ሰዓት ያህል ጋደም ብላ ትተኛለች። ቀሚስ ትለብሳለች፤ ነጠላዋን ግን በቀኝ ትከሻዋ ብቻ ነው የምትጥለው። እሳት አጠገብ ገና አትቀርብም።

የቀንድ አውጣውን ነገር ሁሉ አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ላይ ነገርኋት፤ መርፌውን፣ ዓሣውን፣ ፊሊፒናዊውን፣ የምትተኛዋን አይጥ። ቅርፊቱን እያገላበጠች አዳመጠችኝ። "ይበላል?" አለችኝ መጨረሻ ላይ። ሰው የሚገድለው እንዳለ ነገርኋት። ቅርፊቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ባዶ መሆኑን ብነግራትም እጇን ታጠበች።

እሑድ ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። ባሕር ዳር ያገኘውን ነገር እንዳያነሳ ሦስት ጊዜ ነገረችው። እሱ ሲሥቅ በስፒከሩ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ሱቁ ጠየቀችው፤ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በሩ ብረት መሆኑን፣ ብቻውን እንደሚያድር ወይም እንደማያድር።